የቡና ዘመድ

መጀመሪያ የተሰማው የስልኩ ጩኸት ነው። ሃብተአብ ጭቃ የነካ እጁን በሱሪው ጠርጎ ከአፈር ጆንያው ኋላ እስኪያገኘው ድረስ ሁለቴ ጮኾ ተቋረጠ። በሦስተኛው አነሳው።

«አንተ ነህ ካዛንቺስ አበባ የምትሸጠው? መድኃኒት እባላለሁ፣ ቅዳሜ የአበባ ተክል የወሰድኩት። ቁጥርህን ካርዱ ላይ አግኝቼ ነው።» ትንፋሿ ይቆራረጣል። «ፀሎት... ልጄ ቅጠሉን በላችው። እያስመለሳት ነው። ጎተራ፣ ኮንዶሚኒየሙ ሥር ያለው ክሊኒክ ነን። ሐኪሙ የተክሉን ስም ሲጠይቀኝ ካርድህን ሰጠሁት። ጋርዴኒያ፣ ቤተሰቡ ሩቢያሲ ይላል። ልክ ነው አይደል? የቡና ዘመድ ነው፣ ምንም አያደርግም ብለኸኝ ነበር እኮ!»

ብሏት ነበር። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ጀምሮ በደብተሩ የለቀማቸውን ሳይንሳዊ ስሞች በየማሰሮው ላይ በካርድ ይሰካል፤ ደንበኛም ይወድለታል። ያ ተክል ግን የመጣው ሳያብብ ነበር። ቅጠሉ ሦስት ሦስት ሆኖ ሲያብረቀርቅ አይቶ ጋርዴኒያ ነው አለ። ትናንት ሳይሸጥ የቀረውን መሰሉን ሲገርዘው ነጣ ያለ፣ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ወጣው። የቡና ቤተሰብ እንዲህ አይደማም። ደብተሩን ገልጦ አወቀው፤ አወቀና ካርዱን ነቅሎ ዝም አለ።

«ሄሎ! ልክ ነው አይደል?»

አጠገቡ ችግኝ የምታጠጣው ሸዋአየሁ ሁሉንም ሰምታለች። «ልክ ነው በላትና ዝጋው» አለች በሹክሹክታ። «አንተ ሳይንቲስት፣ እስር ቤት ገብተህ ለቁንጫውም ቤተሰብ ልታወጣለት ነው?»

ፊቱን ከእሷ መልሶ ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠጋ።

«ልክ አይደለም» አለ። «ካርዱን አይመኑት። ኔሪየም ኦሊያንደር ነው፤ ቤተሰቡም ሌላ ነው፣ አፖሳይናሲ። መርዝ አለው። ልብ ነው የሚነካው፤ ልቧን ይዩላት በሏቸው!»

ከወዲያ ጩኸት ተሰማ። ከዚያ የወንድ ድምፅ መጣ፤ «እርግጠኛ ነህ?»

«አዎ።»

«ካርዱም እርግጠኛ ነበር» አለ ሐኪሙ። ስልኩ ተቋረጠ።

ሃብተአብ ስልኩን ኪሱ ከተተ። የቀረውን ተክል ከነማሰሮው ከመሬት አንስቶ ታቀፈው። አፈሩ ሸሚዙ ላይ ተደፋ።

«ወዴት ነው? ሃብትሽ! ደንበኛ ቆሟል እኮ!»

ሸዋአየሁ ከኋላው ጮኸች። «ጎተራ! ጎተራ!» ወደሚለው ታክሲ ሮጠ።