ስለ ጣሪያው የተጸለየው

ወይዘሮ ቨርና ስቶክሊ የሻጩን ውሸት ሊነግሩኝ አልፈለጉም። ጠበቃቸው ብሆንም ያለዚያ ውሸት ምንም ላደርግላቸው አልችልም ነበር።

ከባላቸው ከሆይት ጋር የሚኖሩባት ቤት በመኪና ተጎትታ መጥታ የምትተከል ዓይነት ናት። ከተተከለች ጀምሮ ታፈሳለች። አላባማ ውስጥ ደግሞ ዝናብ አይጠፋም። የመኝታ ቤቱ ወለል በስብሷል፣ ግድግዳው ሻግቷል፤ ሆይት የሚተነፍሱት በኦክስጅን ማሽን ነው። ሐኪማቸው «ከዚያ ቤት ይውጡ» ብሏቸዋል። መውጫው ቤቷን ለሻጩ ለኬንደል መልሶ ገንዘብን መቀበል ብቻ ነው፤ ውሉ ግን «ባለበት ሁኔታ ተሸጧል» ይላል፤ ገዢ ስለ ጉድለት አይጠይቅም ማለት ነው።

የቀረን የማታለል ክስ ነው። እሱም በደፈናው አይጻፍም። የበላይ ፍርድ ቤቶች ደጋግመው ወስነውበታል፦ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ምን ብሎ እንደዋሸ ካልተዘረዘረ መዝገቡ ምስክር ሳይሰማበት ይዘጋል።

«ኬንደል ስለ ጣሪያው ምን ብሎ ነገረዎት?»

«ጥሩ ነው አለ።»

«እሱ አይበቃም። ዳኞቹ የነጋዴ ወግ ነው ብለው ያልፉታል። ሌላስ?»

«ምን ያጣድፍሻል፣ ልጄ? ምድጃ ላይ የጣድሽው አለ?»

«የይርጋው ጊዜ ነው የተጣደው።»

ሆይት ከጥግ ሆነው ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳል ሆነ። «ጸሎቱን ንገሪያት እንጂ ቨርና!»

«አንተ ዝም ብለህ ተንፍስ!»

በኋላ ነገሩ ከአፋቸው እየተጎተተ ወጣ። ኬንደል የቤተ ክርስቲያናቸው ልጅ ነው። ውሉ ከመፈረሙ በፊት፣ እንደ አካባቢያችን ልማድ፣ ቢሮው ውስጥ እጅ ለእጅ ተያይዘው አጎነበሱ። ኬንደል ጸለየ፦ «ጌታ ሆይ፣ እኔ ራሴ ወጥቼ ስላየሁት፣ ጠብታ ስለማያስገባው ጣሪያ እናመሰግንሃለን።»

ጣሪያው ላይ የወጣ ሰው እንዳልነበረ አብሮት ይሠራ የነበረ ሰው ነገረኝ። ማን፣ የት፣ መቼ፣ ምን፤ ሁሉም ተሟላ።

«አይጻፍም» አሉ ቨርና። «ጸሎት ነው። እኔም አሜን ብዬበታለሁ።»

«ካልተጻፈ መዝገቡ ይዘጋል። አቶ ሆይትም እዚያው ሻጋታ ውስጥ ይቀራሉ።»

ባላቸውን አዩ። ማሽኑ ይተነፍሳል።

«ጻፊው። እግዜር ይቅር ይበለን፤ አንቺንም ጭምር።»

«እኔን ይተዉኝ» አልኩና ጻፍኩት።

የሻጩ ጠበቃ አቶ ዊትሎ ክሱ እንዲዘጋ አመለከቱ። እሁድ እሁድ ለልጆች መጽሐፍ ቅዱስ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። ችሎት ላይ ጸሎቱን ከክሱ ላይ አነበቡት፤ የመብራት ቆጣሪ የሚያነቡ ነው የሚመስሉት።

«ክብርት ዳኛ፣ ደንበኛዬ ይህን ለከሳሿ አልተናገረም። ለእግዚአብሔር ነው የተናገረው። ተታለልኩ የሚል ከሆነ እሱ ይክሰሰን።»

ችሎቱ ሳቀ። ኬንደልም አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። ቨርና እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ፊት ለፊት ያዩ ነበር።

«እጃቸውን ይዞ ነው የተናገረው» አልኩ። «እንዲሰሙት ነው። ሰምተውም ፈረሙ።»

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ጸሎትን እንደ ሻጭ ቃል የቆጠረ ውሳኔ አለሽ?»

«የለም። የከለከለም የለም።»

«ጸሎት ተስፋ ነው፣ ማረጋገጫ አይደለም። ሌላ የተናገረው ካለ አሻሽለሽ አቅርቢ፤ ከሌለ ግን መዝገቡ ተዘግቷል።»

ሌላ የተናገረው አልነበረም።

ከሆይት ጋር ሦስታችን ከፍርድ ቤቱ ማዶ ካለችው ምግብ ቤት ገብተን የተጠበሰ ዓሣና የበቆሎ ዳቦ አዘዝን። እኔ ወዲያው ስለ ይግባኝ ማውራት ጀመርኩ።

«ይግባኙን ስንት ዳኛ ነው የሚያየው?» አሉ ቨርና።

«አምስት።»

«እዚያ ደግሞ አምስቱ ይሳቁብኝ? ይቅር።»

«ቤቱስ?»

«ባልዲ አለን።»

ምግቡ መጣ። ሆይት እንደ ልማዳቸው ለማዕዱ ጸሎት እጃቸውን ወደ ሚስታቸው ዘረጉ። ቨርና የተዘረጋውን እጅ አዩት፤ ከዚያ ሹካቸውን አነሱ።

«ብላ» አሏቸው። «ይቀዘቅዛል።»