የአስተማሪዋ አባት

ሽማግሌው ቶኩዞ፣ «ስሞት አስከሬኔን ለዩኒቨርሲቲው ሕክምና ትምህርት ቤት ስጡልኝ» ካለ ወዲህ ልጁን ቺሳቶን እህል አልወርድ አላት። ያለ እሷ ፈቃድ አይቀበሉትም፤ እሷ ደግሞ እዚያው አስከሬን እየከፈተች የሰውን አካል የምታሳይ የአናቶሚ አስተማሪ ናት።

«አባዬ፣ እኔ አልፈቅድም።»

«እናቴ ስታጣጥር በዚህ አውራጃ አንድ ሐኪም አልነበረም። መንግሥት ትምህርት ቤቱን የከፈተው እሷ ከሞተች በኋላ ነው። ደግሞስ የሰው አባት ስትቆራርጪ ኖረሽ፣ ያንቺው ሲሆን ወርቅ ሆነ?» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁም ሳል ሆነበት።

ቺሳቶ በየዓመቱ ተማሪዎቿ በአስከሬኖቹ ፊት አጎንብሰው የሟቾቹን ቤተሰቦች እንዲያመሰግኑ ታደርጋለች፤ ቤተሰቦቹ እንዴት እሺ እንዳሉ ግን ጠይቃ አታውቅም።

«እሺ» አለችው በመጨረሻ።

አባቷ እፎይ ብሎ አንቀላፋ። እጁን ይዛ ተቀመጠች። ጣቶቿ ጅማቶቹን እየዳበሱ፣ ልቧም ክፍል ውስጥ እንደምታደርገው ስማቸውን ተራ በተራ እየጠራ መሆኑን ስታውቅ ግን ደንግጣ ለቀቀችው።