የቦቃ እበት

ደግሰውን ያንገበገበው የጋሻዬ በሬ ቆዳ ነው። ቦቃ ጠዋት ከበረት ሲወጣ ቅቤ የተቀባ ይመስላል። የሱ ዳልቻ ግን አጥንቱ ይቆጠራል። ሁለቱ ጎረቤታሞች አንድ አንድ በሬ ብቻ ስላላቸው መቀናጆ ናቸው፤ በሬዎቻቸውን አንድ ላይ ጠምደው አንድ ቀን የአንዱን፣ አንድ ቀን የሌላውን ያርሳሉ። አንዱ ይቅርብኝ ካለ የሌላው ማሳ ጦሙን ያድራል።

መሬት ሲደለደል ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን በታች ያለው ረግረግ ለጋሻዬ ደረሰው፤ በጋ ከክረምት ሣሩ አይደርቅም። ለደግሰው የደረሰው ድንጋይ ነው።

«መጥተህ እጨድ እንጂ!» ይለዋል ጋሻዬ።

«ይቅርብኝ፣ ዳልቻ የሚወደው ገለባ ነው» ይላል ደግሰው። ገለባ የሚወድ በሬ! ሚስቱ ሰብሌ ይህን ስትሰማ፣ «ኧረ ተው አንተ ሰው፣ በሬውን በቅናት ልትገድለው ነው!» አለችው። ተኮሳትሮ ወጣ።

ያን ሰሞን የከብት ሐኪሟ ፋና ለጉበት ትል ምርመራ መጣች። ድሮ የትሉ እንቁላል በማጉያ መነጽር እስኪታይ ይጠበቅ ነበር። አሁን እበቱ ቤተ ሙከራ ሄዶ የትሉ ዘረመል ይፈለግበታል፤ በሬው ገና ሳይከሳ ይታወቃል። ለየሰዉ ስሙ የተጻፈበት ብልቃጥ ሰጠችና ትኩስ እበት ይዛችሁ ኑ አለች።

በማግስቱ ጋሻዬ ብልቃጡን ለደግሰው አቀበለው። «የቦቃንም አንተው ሙላልኝ፤ እኔ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ልምጣ።»

ደግሰው ሁለቱን ብልቃጥ ይዞ ቆመ። ዳልቻ ትል እንዳለበት እሱ አልተጠራጠረም፤ እንዲያ የሚያከሳ ሌላ ምን አለ? በሰው ሁሉ ፊት የጋሻዬ ደህና፣ የደግሰው በሽተኛ ሊባል ነው። ጋሻዬስ ቦቃን ከበሽተኛ ጋር ይጠምዳል? የቦቃን እበት የራሱ ስም ባለበት ብልቃጥ፣ የዳልቻን በጋሻዬ ብልቃጥ ሞላው። ለዳልቻ መድኃኒቱን ኋላ ከገበያ ገዝቼ አጠጣዋለሁ ብሎ ራሱን አታለለ።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ፋና እስከ ደግሰው ደጅ መጣች፤ ጋሻዬም አብሯት ነበር።

«አያ ጋሻዬ፣ የእርስዎ በሬ ንጹሕ ነው» አለች። «የአያ ደግሰው ግን ትሉ በርክቶበታል። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ የረግረግ ሣር ላይ ነው የሚለጠፈው። ዛሬውኑ መድኃኒት ካልጠጣ ክረምቱን አይወጣም።»

«ዳልቻ እኮ ረግረጉን ረግጦት አያውቅም!» አለ ጋሻዬ።

«እኔ እንጃ፤ ወረቀቱ የሚለው ይህን ነው።»

ደግሰውን መጀመሪያ የተሰማው፣ እግዜር ይቅር ይበለውና፣ ደስታ ነው። ዳልቻ ደህና ነው! ቦቃ፣ ያ ቅቤ የመሰለው፣ ውስጡ ተበልቷል! እሰይ ሊል ትንሽ ቀረው። እሱ ሲመኘው የኖረው ሣር ነው ጉድ የሠራው። የሱ በሬ የከሳው በራብ ብቻ ነው።

ጋሻዬ ግን ፊቱ ጠቆረ። «አይዞህ ወንድሜ» አለው። «ዳልቻ እስኪያገግም ለቦቃ ሌላ ጣምራ እለምንና መጀመሪያ ያንተን ማሳ እናርሳለን።» ይህን ብሎ የዳልቻን ቀንድ ይዞ አፉን ወደ ላይ ቀና አደረገው። ፋና ጠርሙሱን ከፈተች። የያዘችው መድኃኒት ለአንድ በሬ የሚበቃ ነው።

«ቆዩ!» አለ ደግሰው። «ዳልቻ አይደለም። የታመመው ቦቃ ነው። እበቱን የለዋወጥኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን?» አለ ጋሻዬ።

«ቀንቼ ነዋ! ያንተ ደህና፣ የኔ በሽተኛ ሲባል መስማት አቃተኝ።»

ፋና «ጉድ!» ብላ አፏን ያዘች። ጋሻዬ የዳልቻን ቀንድ ቀስ ብሎ ለቀቀው። ደግሰው እርግማኑን ጠበቀ፤ ዱላም ቢሆን። መቀናጆው ማብቃቱን ልቡ ነግሮታል።

«ዝም ብትል ኖሮ ቦቃ ይሞትብኝ ነበር» አለ ጋሻዬ።

«አዎ።»

«ግን ዝም አላልክም።» ጋሻዬ ፊቱን በነጠላው ጠረገ። «በል ና፣ ቦቃን ያዝልኝ። ብቻዬን አልችለውም። ነገ ዳልቻን ይዘህ በጠዋት ና፤ ከኔ ቤት እህል እየቀመሰ ይበርታ፤ ቦቃ ሲያገግም አብረን እንጠምዳቸዋለን።»

ደግሰው ጋሻዬ በረት ሄዶ የቦቃን ቀንድ ግጥም አድርጎ ያዘ፤ ፋና መድኃኒቱን አንቆረቆረችለት። በበሬው ራስ ላይ አሻግሮ የጋሻዬን ፊት አየ። ቂም ፈለገበት፣ አጣ። ይኼን የመሰለ ልብ ደግሞ ከየት አመጣው አለ በሆዱ፤ ቅናቱም ከበፊቱ ብሶ አንገበገበው።