ጥርስ የሌለው ዘለበት

የመስከረም ሁለት ሰልፍ ሊጀመር ሁለት ሰዓት ሲቀረው ፈድሊያ ጫማዋን በእጇ ይዛ እየሮጠች መጣች። ደሬሳ ጂማ መርካቶ፣ ከልብስ ሰፊዎች ማኅበር ጀርባ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ መዶሻውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ሰልፉ ሜዳ ላለመሄድ ወስኗል። የገዛ ሥራው በሌላ ሰው ስም ሲመሰገን ቆሞ የሚያጨበጭብ ሞኝ አይደለም።

«ያ ደሬሳ! ኮቱ፣ ኮቱ! ና! ተነስ!» አለች በኦሮምኛም በአማርኛም፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። ፈድሊያ የማኅበሩ ሰፊ ናት፤ የሱሪዎቹን ማንገቻ የሰፋችው እሷ ናት። «ሱሪው እየወረደ ነው!»

«የማን ሱሪ?»

«የሁሉም! የስልሳውም! ልምምድ ላይ ቆሜ አየኋቸው። ለመፈክር ግራ እጃቸውን ሲያነሱ ምንም አይል። ሲያወርዱ ግን ማንገቻው ላላ ይልና ዘለበቱ ውስጥ ሸርተት ይላል። አንድ መፈክር፣ አንድ ጣት። ቆጥሬዋለሁ። ልምምዱ አራተኛው ላይ ቆመ እንጂ በአምስተኛው ጫፉ ይወጣል፣ አለቀ! እነሱ ገና አልነቁም፤ ሰፍቶን ነው እያሉ ወደ ላይ ይጎትታሉ።»

«ሞክሬዋለሁ እኮ» አለ ደሬሳ። «ሃያ ኪሎ ቡና አንጠልጥዬበት ሦስት ቀን ሰንብቷል። ንቅንቅ አላለም።»

«ቡና እጁን ያነሳል እንዴ? አንተ ከበቅሎ ጭነት ነው የቀዳኸው። በቅሎ ደግሞ ወላሂ ግራ እግሯን አንስታ ‹አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት› አትልም!»

ሌላ ቀን ቢሆን በሳቀ። ያለችው ግን እውነት ነው። ቀበሌው ለስልሳ አብዮት ጠባቂዎች ሱሪ ሲያዝዝ ማኅበሩ ሁሉንም በአንድ ልክ ቆረጠው፤ ለወፍራሙም ለቀጭኑም ያው። የቆዳ ቀበቶ ከገበያ ጠፍቶ ስለነበር ሱሪው በጨርቅ ማንገቻ ከትከሻ እንዲንጠለጠል ተባለ። የድሮው የማንገቻ ዘለበት ጥርስ አለው፤ እየነከሰ በሳምንት ውስጥ ጨርቁን ይበላዋል። ደሬሳ ደግሞ በጉርምስናው ዘመን ከአጋሮ ቡና ከሚያወርዱ ነጋዴዎች ጋር ብዙ መንገድ ሄዷል። የበቅሎ ጫኞቹ ገመድ ጭነቱ በከበደ ቁጥር ይጠብቃል። ከዚያ ተነስቶ፣ የአቡጀዲ ጥቅል ከሚታሰርበት ስስ ብረት አንድ ዘለበት ቀጠቀጠ። ጥርስ የለው። ሁለት መስኮት፣ መሐሉ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚል አንድ ዘንግ፣ ከታች አጭር ጭራ። የሱሪው ክብደት ራሱ ይቆልፈዋል፤ በአውራ ጣት ሲነካ ይከፈታል። በእያንዳንዱ ጭራ ላይም «ደ» የምትል ፊደል መታበት። አባቱ ማጭድ ላይ እንዲያ ነበር የሚያደርጉት። ቱምቱ፣ ብረት ቀጥቃጭ ማለት፣ ምልክቱን ሳያሳርፍ ሥራውን ከእጁ አያወጣም።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ሰብስቤ ዘለበቱን ይዞ አውራጃ ድረስ ሄደ። ሲመለስ ወሬው «ጓድ ሰብስቤ የፈጠረው ዘለበት» ሆኖ ተመለሰ። ደሬሳ በአራተኛ ክፍል እጅ ጽሕፈቱ፣ በአራት ወር ውስጥ ሦስት ማመልከቻ ለቀበሌው አስገባ፤ የጣቱንም አሻራ አሳረፈበት። ሰብስቤ በሰው ፊት ሳቀበት።

«‹ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም› ሲባል እሰማ ነበር። አንተ ሁለቱንም ሆንክ!»

ይህ ያንገበግበዋል፤ ግን ከዚህ የቆየ አለ። ትምህርት ቤት እያሉ የውሃ በርሜሉ አጠገብ የሁሉም ልጆች መጠጫ የሆነ አንድ ኩባያ ነበር። ለደሬሳ ግን ሚስማር ላይ የተንጠለጠለች የማርመላታ ቆርቆሮ ተለይታለች፤ የቱምቱ ልጅ ነዋ። አንድ ቀን ውሃ ጥሙ ጸንቶበት በኩባያው ጠጣ። አንድ ወንበር ላይ አብሮት የሚቀመጠው ሰብስቤ ኩባያውን ተቀብሎ፣ ክፍሉ ሁሉ እያየ፣ በአመድና በቅጠል ፈተገው። ደሬሳ በዚያው ዓመት ትምህርቱን ተወ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ።

«ታዲያ ምን ታስባለህ?» አለች ፈድሊያ።

ዝም ቢልስ? በአውራጃው ባለሥልጣን ፊት ስልሳ ሱሪ አንድ ላይ ሲወርድ ማን ነው ተጠያቂው? «የፈጠርኩት እኔ ነኝ» ያለው ነዋ። በዚያ ዘመን «አሻጥር» የምትባል ቃል ከጥይት የምትለየው ባለመጮኋ ብቻ ነበር። ደሬሳ ሐሳቡን እንደ ማር አፉ ውስጥ ያዘው። ሰብስቤ እጁን ወደ ኋላ ታስሮ ሲሄድ በዓይነ ሕሊናው አየው።

ቀጥሎ ማሩ መረረው። ሦስቱ ማመልከቻዎች ቀበሌው መዝገብ ውስጥ ናቸው። «ይህ ዘለበት የእኔ የደሬሳ ቱሉ ሥራ ለመሆኑ ምልክቴ ምስክር ነው» ይላሉ። ምልክቱም አለ፤ በስልሳው ሱሪ ግራና ቀኝ፣ በመቶ ሃያ ዘለበት ላይ። ለአራት ወር «የእኔ ነው» እያለ የጮኸበት አፍ ደረቀ።

ከኪሱ አንድ ዘለበት አውጥቶ አገላበጠው። ማንገቻው ሲላላ ዘንጉ የሚደገፈው ነገር የለም፤ ስሕተቱ ይኸው ነው። ጭራውን በመዶሻ ወደ ውስጥ አጥፎ ዘንጉ ላይ አሳረፈው። አሁን ክብደት ባይኖርም ጭራው እንደ ጣት ጨርቁን ይጫናል። ፈድሊያ ቁራጭ ማንገቻ አስገብታ ጎተተች፣ ለቀቀች፣ ደግማ ጎተተች። ያዘ።

«አልሐምዱሊላህ! ግን ፊደልህ የት ገባች?»

«ውስጥ» አለ ደሬሳ። መዶሻውንና ብረት የሚቀጠቅጥባትን ቁራጭ የባቡር ሐዲድ በጆንያ ጠቅልሎ ተነሣ።

ሰብስቤን ከመድረኩ ጀርባ አገኘው። አርአያ ለመሆን እሱም ያንኑ ሱሪ ለብሷል፤ ሁለት ሰብስቤ የሚይዝ ሱሪ ነው። ከላይ ካኪ ኮት ደርቦበታል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አንድ ነገር ልንገርዎት።» የአንድ ወንበር ልጅን «እርስዎ» ማለት ሁሌም ምላሱ ላይ እንደ አሸዋ ነው።

«ዛሬም ማመልከቻ ነው?»

«ዘለበቱ ይለቃል። በአምስት መፈክር ሱሪው መሬት ነው።»

የሰብስቤ ፊት አመድ መሰለ። ግራ ቀኝ አየ። «የማን ዘለበት?»

«እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ።»

ሰብስቤ ምራቁን ዋጠ። «ያንተ ነው» አለ በሹክሹክታ። በአራት ወር ውስጥ ሲናገረው የመጀመሪያው ነበር። «ምልክትህ አለበት፣ ወረቀትህም ቀበሌ አለ። እኔን ጎትተህ ብትወድቅ ከታች የምትሆነው አንተ ነህ፣ ደሬሳ። ገባህ?»

«ገብቶኛል። ግራና ቀኙን አስተካክለዋለሁ። ሰዎቹን አሥር አሥር አድርገው ሜዳው ዳር ወዳለው የቡና መጋዘን ይላኩልኝ፤ ማጥበቂያ ነው ይበሏቸው።»

መጡ። ደሬሳ ሐዲዱን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ፣ ማንገቻቸውን ሳያወልቁ ጎንበስ እያስባለ ይመታ ጀመር።

«ቱምቱ! ዘለበቱን ብቻ ምታ፣ ሌላውን አደራ!» አለ አንዱ።

«እሱማ ገና ልጅ አልወለደም፣ ተጠንቀቅለት!» አለ ሌላው፤ መጋዘኑ በሳቅ ተሞላ።

ደሬሳ አልሳቀም። አንድ ምት ለማጠፍ፣ አንድ ምት ለማሳረፍ። በእያንዳንዱ ሁለት ምት «ደ» የምትለው ፊደል ትሰወራለች። ለሌላ ሰው ክብር የራሱን ስም እየቀበረ እንደሆነ እጁ ያውቃል፤ እጁ ግን አልቆመም። ውጭ ድምፅ ማጉያው ይሞከራል፤ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት። ሃያ። አርባ። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ።

የመጨረሻዎቹን አሥር ሰብስቤ ራሱ ይዟቸው መጣ። ከኋላው አንዲት ሴት ማሰሮ ውሃና አንድ ብርጭቆ ይዛለች። ጠባቂዎቹ በብርጭቆው ተራ በተራ ጠጡ። ደሬሳ ስልሳኛውን መትቶ እጁን ዘረጋ። ሰብስቤ ብርጭቆውን ከሴትየዋ ተቀበለ፤ ግን አልሰጠውም። ዓይኑ መሬት መሬቱን ፈለገ፣ ከበሩ ሥር ባዶ የቲማቲም ቆርቆሮ አነሣ፣ ውሃ ቀዳበት።

«እንካ ጓድ፣ ጠጣ፤ ደክሞሃል።»

ክፋት እንኳ አልነበረበትም፤ ይኼ ነው የባሰው። አፉ «ጓድ» ሲል እጁ የድሮውን ያደርጋል። ደሬሳ ቆርቆሮውን ተቀብሎ ውሃውን የጋለው መዶሻው ላይ አፈሰሰው።

«የኔንስ አትመታውም?» አለ ሰብስቤ ኮቱን ገለጥ አድርጎ።

«የእርስዎማ የመጀመሪያው ናሙና ነው» አለ ደሬሳ ቀና ሳይል። «እሱ ደህና ነው።»

ሰልፉ ተጀመረ። ደሬሳ ከፈድሊያ ጋር ከሕዝቡ ዳር ቆመ። የአውራጃው ባለሥልጣን መድረኩ መሐል፣ ሰብስቤ በቀኙ ቆመዋል። መፈክር አሰሚው ጮኸ፣ የሜዳው ግራ እጅ ሁሉ ተነሣ፣ ወረደ። ስልሳው ጠባቂዎች አለፉ። አንድም ሱሪ ንቅንቅ አላለም። ሁለተኛው መፈክር ተነሣ፣ ወረደ። የፈድሊያ ዓይን ግን ሌላ ቦታ ቀረ።

«የሰብስቤን አልመታኸውም?»

ደሬሳ ዓይኑን ከመድረኩ አልነቀለም።

«ያ ረቢ! ምን አደረግክ? እሱ ሲወርድ ‹ማን ሠራው› አይሉም? ገልጠው አያዩም? የሱ ላይ ብቻ ነው ፊደልህ ፊት ለፊት የቀረችው!»

ይህን አላሰበም። ቆርቆሮውን ባየ ጊዜ ያሰበው ቆርቆሮውን ብቻ ነበር። ከስልሳው ላይ ስሙን ደብቆ፣ በሚወድቀው በአንዱ ላይ ትቶታል።

ሦስተኛው መፈክር። ሰብስቤ ግራ እጁን ሲያወርድ ቀኝ እጁ ወደ ዳሌው ሮጠ፤ ኮቱን የሚያስተካክል መስሎ ሱሪውን ጨበጠ። አራተኛው። የኮቱ ሥር አበጠ። ሰብስቤ ከሕዝቡ መሐል ደሬሳን ፈልጎ አገኘው፤ ዓይን ለዓይን ተያዩ።

ባለሥልጣኑ የምስጋና ወረቀት አነሣ። «ለዚህ ሕዝባዊ ፈጠራ…» ብሎ ብዙ ተናገረ፣ ከዚያ ወረቀቱን በግራው፣ ቀኙን ለመጨባበጥ ለሰብስቤ ዘረጋ። ሁለት እጅ ይፈለጋል፤ ሱሪውን የሚይዝ ሦስተኛ ደግሞ የለም። ሰብስቤ አልተንቀሳቀሰም። የባለሥልጣኑ ፈገግታ እየጠፋ ሄደ።

ሰብስቤ ወደ ድምፅ ማጉያው ዘንበል አለ።

«ጓዶች! እኔ የመራሁት ብቻ ነኝ። ይህን ዘለበት በእጁ የቀጠቀጠው ጓድ ደሬሳ ቱሉ ነው! ሽልማቱን እሱ ይቀበል! ጓድ ደሬሳ፣ ውጣ!»

ሜዳው አጨበጨበ። ለአራት ወር የለመነው ስም በጂማ ሰማይ ላይ ተጠራ፤ ደሬሳ ግን የሰማው የካቴና ድምፅ ነበር። «ሂድ» ብላ ፈድሊያ ገፋችው። ሕዝቡ መንገድ ከፈተለት። ደረጃው ሦስት ብቻ ነበር፤ ረዘመበት።

«አንተ ነህ የሠራኸው?» አለ ባለሥልጣኑ።

ደሬሳ የሰብስቤን ኮት ሥር አየ። አንድ ጣት ብቻ ነው የቀረው።

«እኔ ነኝ።»

እጁ ተጨበጠ፤ ወረቀቱ ተሰጠው። ፊደል እየቆጠረ አነበበ፤ «ለ-ጓድ ሰብ-ስ-ቤ…»። ከዚያ ወዲያ አላነበበም። ከጎኑ የሰብስቤ ትንፋሽ ጆሮውን ነካው።

«አምስተኛው ሊመጣ ነው። ስምህ ተጠርቷል፣ ሜዳው ሁሉ ሰምቷል። አሁን ከወረደ ያንተ ነው የሚወርደው።»

ስሙን የሰጠው ለዚህ ኖሯል። ደሬሳ ስቆ ሊያለቅስ ደረሰ። ሲጠላው የኖረውን ሰው ሱሪ ለመጣል ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም፤ ዝም ማለት ይበቃል። ዘለበቱ ግን አሁን የእሱ ነው፣ በሕዝብ ፊት የእሱ ነው፣ የእሱ ዘለበት ደግሞ አይለቅም።

መፈክር አሰሚው አፉን ከፈተ። ደሬሳ አንድ እርምጃ ተጠግቶ ቀኝ እጁን ከሰብስቤ ኮት ኋላ ሰደደ፣ ማንገቻውን ከነዘለበቱ ጨበጠ። ብረቱ ላይ «ደ» የምትለውን ፊደል በአውራ ጣቱ ዳሰሳት። በግራው ወረቀቱን ይዞ ወደ ላይ አነሣ። ሰብስቤም አነሣ። ሁለቱ ጎን ለጎን ጮኹ።

«ቀስ፣ አነቅከኝ እኮ» አለ ሰብስቤ በጥርሱ መሐል።

«ዝም በል፣ አንተ» አለ ደሬሳ።

እስከ ሰልፉ ፍጻሜ፣ እስከ አሥራ ሰባተኛው መፈክር፣ እንዲሁ ቆሙ። ፎቶግራፍ አንሺው መጥቶ አነሣቸው። ፎቶው እስከዛሬ ማኅበሩ ግድግዳ ላይ፣ ከወረቀቱ አጠገብ ተሰቅሏል፤ ሁለት የትግል ጓዶች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ ግራ እጃቸው ሰማይ ላይ። አላፊ አግዳሚው «እንዴት ቢዋደዱ ነው!» ይላል።

ፈድሊያ ባየችው ቁጥር ሻሿን አፏ ላይ ታደርጋለች።

«ወላሂ ደሬ፣ እዚህ ላይ ቀኝ እጅህ የት ሄደ?»

«ሥራ ላይ ነበር» ይላል ደሬሳ፣ ሳይስቅ።