የአናጢው ጓደኛ

አስናቀው የዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ ነው። ሚስቱ ከፈታችው ወዲህ ጎንደር አጠገብ ፀዳ፣ ወይዘሮ ዝናሽ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ብቻውን ይኖራል። ባሕር ዳር ያለችው ልጁ ፋሲካ ስልኩን አታነሳም። እሱ ግን ራቱን ከበላ በኋላ፣ እንዳነሳች ቆጥሮ ድምፁን አውጥቶ ያወራታል። ስለ ሥራው፣ ስለ ወገቡ ሕመም፣ አንድ ቀን በእናቷ ላይ ስላነሳው እጅ። ማን ይሰማኛል ብሎ ነው።

ከግድግዳው ወዲያ ሰውአገኝ የሚባል አናጢ ይኖር ነበር። በር ላይ ሲገናኙ “እንደምን አደርክ”፣ “እግዜር ይመስገን” ተባብለው ያልፋሉ። ከዚያ ያለፈ ነገር አልነበራቸውም።

አንድ እሑድ ጠዋት ወይዘሮ ዝናሽ የአስናቀውን በር አንኳኩ።

“ይህን አናጢ አይተኸዋል? ከሐሙስ ወዲህ በሩ አልተከፈተም።”

“እኔ እንጃ፣ አላየሁትም።”

በሩን ገፍተው ገቡ። ሰውአገኝ አልጋው ላይ በጎኑ እንደተኛ ሞቷል። ግንባሩ ግድግዳውን ነክቷል። የሆነ ነገር ሲያዳምጥ እንቅልፍ የወሰደው ይመስል ነበር።

ወዲያው ከትራሱ ሥር ስልክ ጮኸ። የደዋዩ ስም “ምናለ ወንድሜ” ይላል። ወይዘሮ ዝናሽ ፊታቸውን ሸፍነው ሲያለቅሱ አስናቀው አነሳው።

“ጎረቤቱ ነኝ፣ አስናቀው እባላለሁ።”

“አያ አስናቀው! ሸጋ ነህ? ዛሬ ገና ድምፅህን ሰማሁ! እሱ እኮ ወሬው ሁሉ ስላንተ ነው።”

አስናቀው ግራ ገባው። መርዶም በስልክ አይነገርም። “ትንሽ አሞታል፤ ይዤው እመጣለሁ” ብሎ ዘጋ።

ፖሊስና ሐኪም አይተው በሕመም መሞቱ ከታወቀ በኋላ አስከሬኑን በመኪና ጭነው ወደ ሟቹ አገር፣ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ወጡ። መንገዱን ሙሉ አስናቀው ከሬሳው ጎን ተቀምጦ፣ ያ ሰው ስለ እሱ ምን ሊያወራ እንደሚችል ሲያስብ ሄደ።

ከቀብር መልስ፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ የሟች እናት እማማ አመተ ሥላሴ አጠገባቸው አስቀመጡት። ልቅሶ ደራሹ ሁሉ “ያ ጓደኛው” እያለ ያየዋል።

“ራት አብራችሁ እንደምትበሉ ነግሮኛል” አሉ አሮጊቷ። “‘አስናቀው ባይኖር ከተማው ይውጠኝ ነበር’ ይለኛል። ለመሆኑ ፋሲካ ታረቀችህ?”

አስናቀው ይህን ስም ጎንደር ውስጥ ለማንም ነግሮ አያውቅም።

“ማን ነገረዎት?”

“ልጄ ነዋ። ማታ ማታ ታጫውተው የለም? በሚስትህ ላይ ያነሳኸው እጅ እንደሚቆጭህ፣ ልጅህ እንደምትናፍቅህ። ‘ምን ብዬ ላጽናናው፣ እናቴ?’ ሲለኝ፣ ‘ታገሥ በለው’ እለው ነበር። ምነው፣ አላለህም?”

መዋሸት ይችል ነበር። አፉ ግን እሺ አላለውም።

“እማማ፣ እኔ የልጅዎን ቤት የረገጥኩት የሞተ ዕለት ነው። አንድም ቀን አብረን በልተን አናውቅም። ግድግዳው ስስ ነው። ብቻዬን ሳወራ ይሰማኝ ኖሯል።”

ምናለ መሬት መሬት አየ።

“እንግዲያ” አሉ አሮጊቷ፣ “ከማን ጋር ነበር የሚበላ?”



አስናቀው ፀዳ ከተመለሰ በኋላ ልጁን ማናገር አቃተው። አፉን ሲከፍት፣ ከግድግዳው ወዲያ አንድ ሰው ትንፋሹን ውጦ የሚጠብቀው ይመስለዋል። የአናጢው ክፍል ባዶ ነው፤ ሰው የሞተበት ነው ብሎ የሚከራየው ጠፍቷል። አንድ ማታ አስናቀው ወንበሩን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ “ምነው አንድ ቀን እንኳ ብታንኳኳ?” አለ። መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ቆየ። እሱም አንኳኩቶ እንደማያውቅ ትዝ ያለው ከዚያ በኋላ ነው።

ጥቂት ሳምንታት አልፈው ምናለ ደወለ።

“አያ አስናቀው፣ እናቴ ከለቅሶው ወዲህ ደህና አይደለችም። ልጄን የማናግርበትን ስልክ ካልሰጣችሁኝ ትላለች። ላገናኝህ?”

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ተንኳኳ። ከዚያ የደከመ ድምፅ መጣ።

“ሰውአገኝ?”

አስናቀው ስሙን ሊነግራቸው ፈለገ። አሮጊቷ ሲተነፍሱ ይሰማዋል፤ እየጠበቁ ነው።

“አቤት፣ እናቴ” አለ።