ጋሼ ይርዳው እንደተረጎመው

ማናልሞሽ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ውጤት በመጣላት ክረምት፣ ይርዳው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ከሸኮ ከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው የእናቷ ቤት መጣ። ይርዳው የዚያው ቀበሌ ልጅ ነው። ከመንደሩ ፊዚክስ ተምሮ የኮሌጅ መምህር የሆነ ከእሱ በፊት ማንም አልነበረም። ስለዚህ ተሾመች የምትባለው እናትየው ገና ከሩቅ ስታየው የያዘችውን ሥራ ትታ ተነሳች።

"ልጅሽን ልወስድብሽ ነው" አላት በሸኮኛ፣ እየሳቀ።

ሚዛን ከተማ ባለው ኮሌጅ አዲስ ፕሮጀክት መጀመሩን አስረዳት። የአካባቢው ልጆች፣ በተለይ ሴቶቹ፣ የተፈጥሮ ሳይንስ ይገቡና ዓመት ሳይሞላቸው ተባረው ይመለሳሉ። ይህ እንዲቀር ከውጭ አገር ድጋፍ ተገኝቷል። ተጨማሪ ትምህርት አለ፣ መጽሐፍ አለ፣ ለሳሙናና ለደብተርም ገንዘብ ይሰጣቸዋል። ኃላፊው ራሱ ነው።

ተሾመች ልጇ ነርስ እንድትሆንላት ነበር የምትፈልገው። ትምህርቱ ቶሎ ያልቃል፣ ደመወዙም ቅርብ ነው። "ብትወድቅስ?" አለችው።

"እኔ እያለሁ? ብትወድቅም አነሳታለሁ። እህቴ ማለት ናት።"

ከዚህ በኋላ ተሾመች ሌላ አልጠየቀችም።

የኮሌጁ የመጀመሪያ ወራት ለማናልሞሽ ከባድ ነበሩ። መምህራኑ በእንግሊዝኛ ያስተምራሉ፣ አልገባኝም ላለ ደግሞ በአማርኛ ይደግሙለታል። እሷ አማርኛውንም የለመደችው ትምህርት ቤት ነው፤ ፈጠን ካለ ያመልጣታል። የቴፒ ነጋዴ ልጅ የሆነችውና በፕሮጀክቱ የታቀፈችው የዶርም ጓደኛዋ ላምያ ማታ ማታ ደብተሯን ትሰጣታለች። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ይርዳው የፕሮጀክቱን ተማሪዎች ሰብስቦ ያስጠናል። አንድ ቅዳሜ ቬሎሲቲና አክስለሬሽን እንደተምታቱባት አየና ወደ ጠረጴዛዋ ጎንበስ አለ። ከዚያ በሸኮኛ፣ ቡና የጫነ መኪና የሸኮን ቁልቁለት ሲወርድ ሹፌሩ ፍሬን ካልያዘ ምን እንደሚሆን ነገራት። ማናልሞሽ ሳቋ መጣ። እንዲህ ያለ ነገር በእናቷ ቋንቋ ይነገራል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

ቢሆንም በመንፈቁ መጨረሻ መካኒክስ ወደቀች። ዋርኒንግ ተሰጣት እንጂ አልተባረረችም፤ ኮርሱን ደግማ መውሰድ ትችላለች። አለቀሰች፣ ከዚያ ፊቷን ታጥባ መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች።

መጋቢት ላይ ይርዳው ቢሮው አስጠራት።

"ዲፓርትመንት ብትቀይሪ ምን ይመስልሻል?" አላት። "ሲቪክስ ጥሩ ነው።"

የሚቀልድ መሰላት። "ለምን ጋሼ? አልተባረርኩም እኮ።"

"ገምጋሚዎች ሊመጡ ነው። ስንት ልጅ አለፈ፣ ስንት ወደቀ ብለው ነው የሚጠይቁት። በፍላጎቱ የቀየረ ሰው ወደቀ አይባልም። ፊዚክስ ላይ ሆነሽ ብትወድቂ ግን የወደቀው ፕሮጀክቱ ነው። ያኔ ከኋላሽ ለሚመጡት ምንም አይኖርም።"

"እርስዎ ካስረዱኝ አልወድቅም።"

"አሁን ለማስረዳት ጊዜ የለኝም" አለ፣ ዓይኑን ወደ መስኮቱ መልሶ። "ሪፖርት ላይ ነኝ።"

ማናልሞሽ ማመልከቻውን ፈረመች። አሳምኗት አይደለም። ይርዳውን እምቢ ማለት እናቷን እምቢ ማለት መስሎባት ነው። በዚያው ሳምንት ሌሎች ሦስት ተማሪዎችም ቀየሩ፤ ሦስቱም ከቤንችና ከመኢኒት ገጠር የመጡ ናቸው።

ላምያ ስትሰማ ተናደደች። "አንቺን ለማቆየት የመጣ ገንዘብ አንቺን አስወጥቶ እኔን አቆየ! እኔ እኮ ያለ እሱም አልፍ ነበር።"

"ተይው" አለች ማናልሞሽ። "ጨንቆት ነው።" ከልቧም እንደዚያ ታምን ነበር።

ገምጋሚዎቹ እንግዶች በሚያዝያ መጡ፤ ሁለት ፈረንጆችና ከአዲስ አበባ አብራቸው የመጣች ራሔል የምትባል ሴት። በዋዜማው ይርዳው ዶርሟ በር ድረስ መጥቶ ነበር።

"ነገ እንግዶቹን በሸኮኛ ታመሰግኛለሽ። ደስ ይላቸዋል። እኔ እተረጉምልሻለሁ።"

"ጋሼ፣ እኔ እኮ አሁን ፊዚክስ ላይ የለሁም።"

"እሱን ማንም አያነሳውም።"

"እሺ" አለችው። ላምያ በግርምት አየቻት።

በማግስቱ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሸኮኛ የሚሰማ ግን ከይርዳው በቀር አልነበረም። ማናልሞሽ ማይክራፎኑን ያዘችና ወደ እሱ እያየች በሸኮኛ ተናገረች፦

"ፊዚክስ ልማር መጥቼ ነበር። አንድ ጊዜ ወደቅሁ። አነሳታለሁ ያለው ሰው ውጪ አለኝ። እናንተ እንዳይከፋችሁ ብሎ ነው። የምለምናችሁ እንድመለስ ነው።"

ስትናገር ይርዳው ወለሉን ያይ ነበር። ስትጨርስ ቀና አለና ወደ እንግዶቹ ዞሮ በእንግሊዝኛ ጀመረ። "እናቴ ገበሬ ናት ትላለች። ይህ ፕሮጀክት ባይኖር እዚህ አልደርስም ነበር ትላለች። ከልብ ታመሰግናችኋለች።" ድምፁ አልተንቀጠቀጠም።

ማናልሞሽ ይህን ለመረዳት የሚበቃ እንግሊዝኛ ነበራት። ቀይሪ ባላት ቀን አዝናበት ነበር፣ ግን አዝናለትም ነበር። አሁን የተሰማት ሌላ ነው። ከዚህ ሁሉ ሰው መሃል ሊሰማት የሚችለው እሱ ብቻ ነበር፤ ሰምቷትም በገዛ ቋንቋዋ ሸጣት።

"እንደዚያ አላልኩም" አለች በአማርኛ። ጭብጨባው ዋጠው። ፊት ወንበር ላይ የነበረችው ራሔል ግን አላጨበጨበችም።

ከምሳ በኋላ ራሔል ቧንቧው ጋ አገኘቻት። "ምን ነበር ያልሽው?" አለቻት።

ማናልሞሽ ነገረቻት። አብራት የነበረችው ላምያም የቀረውን ጨመረችላት። ራሔል መጨረሻው ድረስ ሰማች፣ "አውቄዋለሁ" ብላ ሄደች።

ከዚያ የሆነው ብዙ አይደለም። ራሔል ለኮሌጁ ነግራ ኖሮ ማናልሞሽ ወደ ፊዚክስ እንድትመለስ ተፈቀደላት። ከሦስቱ አንዱ ብቻ ተመለሰ፤ ሁለቱ ሰልችቷቸው ቀሩ። ፕሮጀክቱ ታደሰ፣ ይርዳውም ኃላፊነቱ ላይ ቆየ። ማናልሞሽ የቅዳሜውን ጥናት ትታ ከላምያ ጋር አጠናች፣ መካኒክስንም ሁለተኛ ወስዳ በሲ አለፈች።

ውጤቱ በተለጠፈበት ቀን ይርዳው መንገድ ላይ አቆማት።

"በሰው ፊት አዋረድሽኝ" አላት በሸኮኛ። "የአገርሽን ልጅ!"

"ጋሼ፣ የተናገርኩት ለእርስዎ ነበር" አለችው። "ሌላማ ማን ይሰማኝ ነበር?"

ይርዳው ቦርሳውን ከአንዱ ትከሻው ወደ ሌላው አዛውሮ ሄደ።

ክረምት ላይ ቤቷ ስትገባ እናቷ ከሁሉ አስቀድማ የጠየቀቻት ስለ እሱ ነበር። ባለፈው ሰሞን መጥቶ እንደነበር፣ የጎረቤታቸውን ልጅ ንጋቷንም ለመጪው ዓመት እወስዳታለሁ እንዳለ በደስታ ነገረቻት። ማናልሞሽ ለእናቷ ምንም ላትናገር መንገድ ላይ ወስና ነበር። አመሻሹ ላይ ግን ንጋቷ ራሷ እየሮጠች መጣች። ፊዚክስ ከባድ ነው ወይ፣ ዶርሙ ስንት አልጋ አለው፣ ጋሼ ይርዳው እውነት እንደ ወንድም ነው ወይ እያለች ጠየቀቻት።

"ሂጂ" አለቻት ማናልሞሽ። "ከባድ ነው፣ ግን ይቻላል። አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። ዲፓርትመንት ቀይሪ ቢልሽ እንዳትፈርሚ።"

ልጅቷ ግራ ተጋብታ አየቻት። ተሾመች ከጓሮ የለቀመችውን ጎመን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች።

"ማነው ቀይሪ የሚላት?" አለች።

ማናልሞሽ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻት፤ የቢሮውን፣ የአዳራሹን፣ እሷ ያለችውን፣ እሱ ያለውን። ተሾመች ቀስ ብላ ተቀመጠች። ጎመኑ ጭኗ ላይ ነው።

"የኛው ልጅ?" አለች በመጨረሻ።

"የኛው ልጅ፣ እማዬ።"