ቀጭን ፈታይ

እናቴ ዙቤይዳ ቀጭን ፈታይ ነበረች። ይህን የምለው ልጇ ስለሆንኩ አይደለም፤ የማይወዱን ጎረቤቶች እንኳ አይክዱትም። ጨፋ ሮቢት ገበያ ጥጥ ስትመርጥ ነጋዴዎቹ ይሰላቹባት ነበር። ቤት ገብታ እንዝርቷን ስታሾር ግን ክሩ ከጣቷ መውጣቱም አይታይ።

ካረጀች በኋላ አንድ ምኞት ያዛት፤ በገዛ እጇ በፈተለችው መገነዝ። በእኛ አገር ከፈኑን አስቀድሞ የሚያዘጋጅ ሰው ብርቅ አይደለም። እሷ ግን ለየትኛዋም ሙሽራ ያላደረገችውን ያህል አቀጠነችው። ትንሽ ከወፈረባት በጥሳው እንደገና ትጀምራለች። ዓይኗ ሲደክም በጣቷ ብቻ ፈተለች።

ሸማኔው ረጀብ ፈትሉን አገላብጦ አየው።

«ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው እትዬ ዙቤይዳ። ለነጠላ ይሆናል፤ ለከፈን ግን ይሳሳል። ማጉን ከሌላ ላወፍረው?»

እናቴ ተቆጣች። «ለሰው ሰርግ ቀጭን ስፈትል ኖሬ፣ ጌታዬ ዘንድ በወፍራም ልሂድ?»

ረጀብ ምን ያድርግ! እንዳለችው ሸመነው።

ሐሙስ ጠዋት ሞተች። ምኞቷ የልብስ ሳጥኗ ውስጥ ተዘጋጅቶ መጠበቁ አጽናንቶኝ ነበር። አጣቢዋ ሰዒዳና እኔ ገላዋን አጥበን ጨረስንና ጨርቁን ዘረጋንባት።

ሁሉም ታየ። የጎድን አጥንቷ፣ በእኔ ምጥ ሆዷ የተቀደደበት ጠባሳ፣ ሁሉም። ዕድሜዋን ሙሉ ገላዋን ለሰው ያላሳየች ሴት!

«ደርቢው» አልኳት ሰዒዳን።

«ለመደረብ አይበቃም ልጄ። ገላ ካልሸፈነ ምኑን ከፈን ሆነ? አብሽሪ።»

«በእጇ የፈተለችው ነው'ኮ!»

«አውቃለሁ። አላህ የልቧን ኒያ አይቶላታል።»

ጨርቁን አጥፋ እቅፌ ላይ አኖረችው። ያ ሁሉ ልፋት ምንም አይከብድም ነበር።

ውጭ ወንዶቹ ቃሬዛውን ይዘው ይጠብቃሉ፤ የዙሁር ሶላትም ተቃርቧል። ሰው መላክ እችል ነበር፤ ባጃጅ ይዤ ራሴ ወደ ከሚሴ ገበያ ሄድኩ። ባለሱቁ አቡበከር መርዶውን ሰምቷል መሰለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ አቡጀዲዎቹን ደረደረልኝ።

«አላህ ይርሐማት። የቱ ይሁንልሽ?»

በእናቴ ያን ያህል ተናድጄ አላውቅም፤ ያን ያህል ወድጃትም አላውቅም።

«ወፍራሙን» አልኩት።